መስታወቱ ለምን ከጥግ ተሰነጠቀ? የመስኮትና የበር ፍሬም አለካክ

አንድ አንባቢ የኮንዶሚኒየም ቤታቸው የመስኮት መስታወት ስለተሰበረ ራሳቸው ለክተው ሁለት መስታወት አስቆረጡ። አንዱ ጭራሽ አልገባም። ሌላው ተገፍቶ በግድ ገባና በሳምንቱ ከጥጉ ጀምሮ ተሰነጠቀ። ፍሬሙ ብረት ነው። የበረንዳውን በር መስታወት ገና አላስቆረጡም፤ «ሁለተኛ ከመክሰሬ በፊት እንዴት ልለካ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ስንጥቁ ከጥግ መጀመሩ መስታወቱ እዚያ ብረት እንደነካ ይጠቁማል። መስታወት በየትኛውም በኩል ፍሬሙን መንካት የለበትም፤ ዙሪያውን ክፍተት ኖሮት በስቱኮ ወይም በጎማ ተይዞ ነው የሚቀመጠው። ጠርዙ ብረት ላይ ካረፈ ነፋስ መስኮቱን ባላተመው ቁጥር ምቱ በሙሉ ያቺን አንዲት ነጥብ ያገኛታል። ፀሐይ ያጋለው ፍሬም ማታ ሲቀዘቅዝም ከመስታወቱ የበለጠ ይኮማተራል። ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ 1 ሜትር አሉሚኒየም ርዝመቱ በ0.9 ሚሊሜትር ያህል ይለወጣል፤ መስታወቱ ግን 0.4 እንኳ አይሞላም። የብረት ፍሬም ከአሉሚኒየም ያነሰ ቢንቀሳቀስም ጠብቆ ለገባ መስታወት እሱም ይበዛበታል።

ስለዚህ ሜትር ከማንሳትዎ በፊት ፍሬሙን ያጽዱ። ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርገው ስብርባሪውን ያውጡ፤ አሮጌውን ስቱኮ በመሮና በስፓቱላ እስከ ብረቱ ድረስ ይፈልፍሉ። ስቱኮ ላይ የተወሰደ ልክ፣ ልክ አይደለም። ከሥሩ ዝገት ካገኙ በብረት ቡሩሽ ፈግፍገው አንቲረስት ይቀቡ፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እያበጠ ሄዶ መስታወቱን ይጨምቀዋል። ቀጥለው አራቱን ጥጎች በባትሪ ያብሩባቸው። በብረት መስኮት ጥግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የብየዳ እብጠት አለ። የእርስዎም ችግር ይህ ሳይሆን አይቀርም፦ ሰው ከመሃል ለመሃል ሲለካ ብየዳውን አያገኘውም፣ ቁጥሩም ትክክል ይመስለዋል። እብጠቱን በሞረድ ያውርዱት።

አሁን ይለኩ። የሚለካው ዓይን የሚያየው ክፍት ቦታ ሳይሆን መስታወቱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ነው፤ ከአንዱ ግድግዳው እስከ ሌላኛው ግድግዳው። ወርዱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይውሰዱ፤ ቁመቱን ከግራ፣ ከመሃልና ከቀኝ። ሦስቱ እኩል ካልሆኑ አማካዩን ሳይሆን ትንሹን ይያዙ። ለምሳሌ ወርዱ 612፣ 609 እና 611 ሚሊሜትር ቢመጣ የእርስዎ ቁጥር 609 ነው። ከዚያ ላይ 5 ሚሊሜትር ቀንሰው 604 ያስቆርጣሉ፤ በየጎኑ 2.5 ሚሊሜትር ይተርፋል። ከቁመቱም እንደዚሁ ይቀንሱ። የሚያስተላልፍ ክፍተት ይቀራል ብለው አይስጉ፤ ስቱኮው ይሸፍነዋል።

ውስጥ ለውስጥ ሲለካ ሜትሩ ጥጉ ላይ ስለሚታጠፍ ቁጥሩን በግምት እናነባለን፤ ስህተቱም የሚገባው እዚህ ነው። እኔ የምመርጠው ሁለት ቀጫጭን ቀጥ ያሉ እንጨቶችን ነው። ጎን ለጎን ይዘው፣ የአንዱ ጫፍ ግራውን የሌላው ቀኙን እስኪነካ ያንሸራትቷቸው፤ አጥብቀው ያዟቸው፣ የሚደራረቡበትን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ አውጥተው መሬት ላይ ይለኩ።

ሰያፉንም አይርሱ። ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች፣ ከቀኝ ላይ ወደ ግራ ታች ይለኩ። የሁለቱ ልዩነት ከ3 ሚሊሜትር ካለፈ ፍሬሙ ተንጋዷል ማለት ነው፤ ትክክለኛ አራት ማዕዘን መስታወት አንዱ ጥግ ላይ ይነክሳል። ያኔ ቁጥር ይተዉና ጠንካራ ካርቶን በፍሬሙ ልክ፣ ክፍተቱን ቀንሰው ቆርጠው ይውሰዱ። የትኛው ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ውጭ እንደሚሆን ካርቶኑ ላይ ይጻፉ።

ውፍረቱን ከስብርባሪው በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ይለኩ። 4 ሚሊሜትር የነበረበት ላይ «ይጠንክር» ብለው 6 ከማዘዝዎ በፊት ጎድጓዳው ውስጥ ለመስታወቱም ለስቱኮውም ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ።

በሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጅ ሊገፋው፣ ሰው ተደናቅፎ ሊወድቅበት ይችላል፤ ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላዋ ነው። ለበር ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) ወይም ላሚኔትድ (ሁለት መስታወት በመሃሉ ፕላስቲክ ገብቶ የተጣበቀ) ይዘዙ፤ በዋጋው አይደራደሩ። ቴምፐርድ አንዴ በእሳት ከተጠናከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። 1 ሚሊሜትር ቢተልቅ እንኳ የሚያስተካክለው የለም፤ ስለዚህ በማግስቱ እንደገና ለክተው ሁለቱን ቁጥሮች ሳያስተያዩ አይዘዙ። ለበር በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ይተዉ። 6 ሚሊሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ስለሚመዝን ሸክሙን ወደ ማጠፊያው መምራት ያስፈልጋል። አንድ የጎማ ቁራጭ በማጠፊያው በኩል ከታች፣ ሌላ በቁልፉ በኩል ከላይ ያስገቡ፤ በሩ ዘንበል እንዳይል ይይዘዋል።

ለመስታወት ቆራጩ ወርዱን አስቀድመው፣ ቁመቱን አስከትለው፣ በሚሊሜትር ጽፈው ይስጡት። ከሥሩም «የመስታወቱ ልክ፣ ክፍተቱ ተቀንሷል» ብለው ይጨምሩ፤ አለበለዚያ እሱም በበኩሉ ሊቀንስልዎ ይችላል።