ስለ አረጋውያን የአእምሮ ሕክምና ለጠየቀችው የወልድያ ሐኪም

«ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ወልድያ ነው። ሳይካትሪ ተምሬ በአረጋውያን ሕክምና ብቀጥል ያዋጣኛል? ወሎ ውስጥስ ሥራ አለው?» ብለሽ የጻፍሽውን አነበብኩ። ከሥሩ የተሰጡሽን መልሶችም አየሁ። «ቀዶ ሕክምና ግቢ፣ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው» ያሉሽ ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ የጠየቅሽውን ግን አልመለሱልሽም። እኔ በዚህ መንገድ ሄጄ፣ ተምሬ ተመልሼ፣ ዛሬ ደሴ ላይ አረጋውያንን አክማለሁ። ሳይካትሪ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽና የሚጠቅምሽንና የሚያስከፍልሽን ብቻ ልንገርሽ።

1. ሥራ አለ ወይ ላልሽው፣ ሥራው ሞልቷል፤ የሌለው የሥራ መደብ ነው። ሁለቱን ለይተሽ እይ። አንቺም እኮ «ጃጅተዋል» ተብለው የሚመጡ እማማዎችንና አባባዎችን ሳታዪ የምትውይበት ሳምንት አይኖርም። ቤተሰብ አይወቀስም። ጠበል ወስዷቸዋል፣ ሸሁ ዘንድ ዱዓ አስደርጎላቸዋል፣ አልሆን ሲል እርጅና ነው ብሎ ተቀብሏል። እኔን የሚያንገበግበኝ እኛ ሐኪሞቹ ሳንመረምር «እርጅና ነው» ብለን ስንሸኛቸው ነው።

ከኩታበር በኩል የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ሌሊት ሌሊት እየጮኹ፣ የሞቱ ወንድሞቻቸውን እየጠሩ፣ ልጆቻቸውን አላውቅም እያሉ አስቸገሩ። ከዚያ በፊት ያያቸው ሐኪም ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን አዝዞላቸዋል፣ ሲብስባቸው ዲያዜፓም ጨምሮበታል። ሆዳቸውን ስነካው ፊኛቸው እስከ እምብርት ተወጥሯል። ፕሮስቴታቸው አስቀድሞ አብጦ ኖሮ መድኃኒቱ ጭራሽ ሽንታቸውን ዘጋባቸው፤ የሽንቱ መታገድና መድኃኒቱ ተባብረው አእምሯቸውን አናወጡት። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ገባ፣ ሁለቱም መድኃኒቶች ቆሙ። ብዙም ሳይቆዩ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው «በሬዬን ማን እያጠጣው ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው አለቀሰ። ይህ ዴሊሪየም እንጂ መጃጀት አልነበረም፤ በድንገት የመጣ፣ በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል የአእምሮ መታወክ ሲገጥምሽ መጀመሪያ ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ የታገደ ሽንትና የመድኃኒት ከረጢታቸውን ፈትሺ። ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈሽ አንድ በአንድ ተመልከቺ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙ አለኝ። ትራኮማ ዓይናቸውን ያጠፋባቸው አንዲት እናት ቤታቸው ውስጥ ትንንሽ ልጆች ሲሯሯጡ ያዩ ነበርና ጂን ሰፍሮባቸዋል ተባለ። ጭንቅላታቸው ምንም አልነበረውም፤ ማየት ያቆመ ዓይን የሚፈጥረው ምስል ነው። ቻርልስ ቦኔ የተባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1760 በገዛ አያቱ ላይ አይቶ የጻፈው ነው፤ እኛ ግን ዛሬም ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የእብደት መድኃኒት እናዝዝለታለን። ለእኒያ እናት መድኃኒት አልሰጠሁም፤ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው፣ «እንግዲያ አላበድኩም?» አሉኝ፣ እፎይ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

2. ትምህርቱ። ጠቅላላ ሳይካትሪን እዚሁ አገር ውስጥ ተማሪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ1995 ዓ.ም. ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) እስኪጀምር ድረስ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ እየሄደ ነበር የሚማረው፤ አሁን ያ ችግር የለም። የአረጋውያኑን ዘርፍ ግን ወደ ውጭ ወጥተሽ ነው የምትጨምሪው። እንግሊዝ ዘርፉን ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ አድርጋ ያወቀችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ እዚያ ሦስት ዓመት ጠቅላላ ሳይካትሪ፣ ከዚያ ሌላ ሦስት ዓመት በዘርፉ ይሠለጠናል። አሜሪካ አራት ዓመት ሬዚደንሲና አንድ ዓመት ፌሎሺፕ (ከሬዚደንሲ በኋላ ያለ የዘርፍ ሥልጠና) ነው፤ እዚያ ብዙ የፌሎሺፕ ቦታ ሰው አጥቶ ስለሚቀር ፉክክሩ አያስፈራሽ፤ የሚከብደው ወደ ሬዚደንሲው መግቢያው ነው። ህንድ ሎክናው ውስጥ ራሱን የቻለ የአረጋውያን አእምሮ ጤና ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ አለ። እኔ የተማርኩት ህንድ ነው፤ ታካሚው ከእኛ ታካሚ ጋር ይቀራረባል፤ ከልጅ ልጆቹ ጋር የሚኖር፣ ያልተማረ፣ ሐኪም ቤት የሚመጣው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሆነ ታካሚ ነው።

በሬዚደንሲሽ ጊዜ ከውስጥ ደዌ ክፍል አትራቂ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ከወደቁ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፤ እነዚህ ሁሉ «ጃጁ» የሚያሰኙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ይታከማሉ። ይህን ያልለየ ሳይካትሪስት አረጋዊ ባይነካ ይሻላል።

3. ይህንን በደንብ አንብቢው፤ ከሌላው ሁሉ በላይ የምነግርሽ ይህን ነው። ለትምህርት ከመሄድሽ በፊት ውልሽ ላይ የዘርፉ ስም በሙሉ ይጻፍ። «ለተጨማሪ ሥልጠና» የሚል ቃል ብቻ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሚ። እኔ ስሄድ የዘርፉ ስም በግልጽ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ፣ በማመልከቻ አስገብቼ፣ «ስትመለስ ይስተካከላል» ተባልኩ። ስመለስ የሚያስተካክል ሰው ጠፋ። የምስክር ወረቀቴን ይዤ የሰው ሀብት ክፍል ገባሁ። ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «የሽማግሌ የአእምሮ ሐኪም የሚባል መደብ የለንም» አለኝ። እሺ፣ መደቡ እንዲጠና ጻፉልኝ አልኩት። «ሽማግሌ እንደሆነ መጃጀቱ አይቀርም፤ ለእሱ ደግሞ ሐኪም ምን ያደርግለታል?» አለኝ፣ ሰው በተሞላበት ክፍል ውስጥ። ከኋላዬ ጡረታቸውን ለማስጨረስ የመጡ አንድ አባት በከዘራቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። እኔን ስለናቀኝ አልተናደድኩም፤ እሳቸው ፊት ይህን በመናገሩ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ከዚያ ደግሞ ምልልሱ ተጀመረ። አቻ ግምቱን፣ ማለትም የውጭ ትምህርቴ እዚህ ከየትኛው ደረጃ ጋር እንደሚመጣጠን የሚያሳየውን ወረቀት አምጣ፤ አቻ ግምት የሚሰጠው ቢሮ ሥርዓተ ትምህርቱን አምጣ ይላል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ የተማርኩበት ተቋም ማኅተም ካላረፈበት አይቀበልም፤ ማኅተሙ ያለው ህንድ ነው። በዚህ መሃል ደመወዜ በነበረበት ቆመ፣ የተማርኩበት ጊዜም ከአገልግሎቴ ላይ ሳይቆጠር ቀረ። ያዳነኝ ስሠለጥን ያየኋቸውን ታካሚዎች ዓይነትና ሰዓት በቀን በቀን መዝግቤ፣ በየወሩ አስተማሪዬን አስፈርሜ የያዝኩት መዝገብ ነው። ያንን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ነገሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ ሥርዓተ ትምህርቱን በየገጹ አስማትመሽ፣ መዝገብሽን አስፈርመሽ፣ ሁለት ሁለት ቅጂ ይዘሽ ነይ። ውሉ ላይ ደግሞ የምትመለሺበት የሥራ መደብ፣ የአገልግሎት ግዴታው ዘመንና ሥልጠናው ከአገልግሎት መቆጠሩ በግልጽ ይስፈር። «ይህ የተለመደ ነው፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ» የሚልሽን ሰው፣ እንግዲያው የተለመደውን ጻፉልኝ በይው።

አሁንም ቢሆን መደቤ ላይ የተጻፈው «ሳይካትሪስት» ብቻ ነው። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን የአረጋውያን ክፍል ከፍተናል፤ ሁለት የሳይካትሪ ነርሶች አብረውኝ ይሠራሉ፤ ያሠለጠንኳቸውም እኔ ነኝ፤ በዚህ እኮራለሁ። አረጋዊውን አንቱ ብለው፣ በጆሯቸው በኩል ቀርበው፣ ልጃቸውን ሳይሆን መጀመሪያ እሳቸውን ነው የሚጠይቁት። ፎልስታይን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውን የ30 ነጥብ የማስታወስና የማሰብ ፈተና ክፍላችን ውስጥ እንደ ዋና መመዘኛ አንጠቀምበትም። ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ይህን ቅርጽ ሳሉ ይላል፤ እርሳስ ይዘው የማያውቁ የመቅደላ ገበሬ ጤነኛ ሆነው ሳለ ይወድቁበታል። ታንዛኒያ ውስጥ ላልተማሩ አረጋውያን የተዘጋጀ፣ በክብሪት እንጨት ቅርጽ የሚያሠራ መመዘኛ አለ፤ ከእሱ ጋር የራሳችንን ጥያቄ እንጨምራለን። የባቲ ገበያ የሚውለው መቼ ነው? ዛሬ ጾም ነው? ዙህር ተሰገደ? ምራታቸውን ደግሞ ቡና ሲቆሉ ያሳርሩ እንደሆነ፣ የገበያ መልስ ይሳሳቱ እንደሆነ እንጠይቃታለን። ከዚህ የበለጠ ነገር የሚነግረኝ ፈተና እስካሁን አላገኘሁም።

ወሎ ላይ ለመሥራት ካሰብሽ ደግሞ ውጭ አገር የማይማሩት ነገር አለ። በመርሳት በሽታ የቅርቡ ትዝታ ቀድሞ ይጠፋል፣ የጥንቱ ይቆያል። እዚህ የጥንቱ ምንድን ነው? የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ነው። ቆሎና ቂጣ ፍራሽ ሥር የሚደብቁ፣ ልጅ ሲበላ ካዩ የሚቆጡ አረጋውያን ይመጡልሻል፤ ቤተሰቡ ሰስተዋል ብሎ አዝኖባቸዋል። ያን ጊዜ የት እንደነበሩ ጠይቂ። አንዲት እናት ስጠይቃቸው የቀበሯቸውን ልጆች ስም በተራ ዘረዘሩልኝ፤ የዚያን ዕለት ቁርሳቸውን ግን አያስታውሱም ነበር። ቤተሰቡን አስቀምጬ አስረዳሁ፤ ከዚያ ወዲህ ምራታቸው በየማታው አንድ እፍኝ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ራስጌያቸው ታስቀምጥላቸዋለች፣ ሌሊት መነሣታቸውም ቀነሰ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወጣቱ ሸሽቶ ቤት ጠባቂ ሆነው የቀሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ «ልቤን ያቃጥለኛል፣ እህል አልበላ አለኝ» እያሉ ከጨጓራ ክሊኒክ ወደ ልብ ክሊኒክ ሲዞሩ የኖሩ ብዙዎቹ ድብርት ነበረባቸው፤ መድኃኒቱን በትንሽ መጠን ጀምረን ቀስ እያልን ስንጨምርላቸው ተሽሏቸዋል።

4. ገቢውን ጠይቀሻል፤ ከቀዶ ሐኪም ጋር አይወዳደርም፣ አንድ አረጋዊ በደንብ ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ረጅም ነውና በግል ክሊኒክም ብዙ አያስገኝም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ደመወዝ ግን ነው። ይህን ዐውቀሽ ከገባሽ አይቆጭሽም።

በግል መልእክት ጻፊልኝ። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ላስተማርኩት ሐኪም ያዘጋጀነውን የውል ረቂቅና የታካሚ መዝገቡን ቅርጽ እልክልሻለሁ። የምትፈርሚበት ወረቀት ከደረሰሽ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።