እርጥብ ወይስ ውሃ አዘል? ይቀልጣል፣ ይሟሟል ወይስ ይፈርሳል?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች የሳይንስ መጽሔት ስለ ሜሪዲያናይት እየጻፍኩ ነው። «እርጥብና ብርቅ ማዕድን ነው፤ ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይቀልጣል» ብዬ ነበር። ባልደረባዬ ግን «ይሟሟል» በል አለኝ። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ መጀመሪያ «እርጥብ»ን ያውጡልኝ። እርጥብ ልብስ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይደርቃል፣ ልብስነቱ ግን አይቀየርም። የሜሪዲያናይት ውሃ የማዕድኑ አካል ነው። ለአንድ ማግኒዥየም ሰልፌት 11 የውሃ ሞለኪውሎች ክሪስታሉ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ከክብደቱ 62 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፣ እሱ ግን ጠጣር ነው። ስለዚህ «ውሃ አዘል» ይበሉ። «ውሃማ» ውሃ ውሃ የሚል ነገር ስለሚያስመስለው አልወደውም።

ወደ ግሱ እንምጣ። ሰም ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ቀልጦም ያው ሰም ነው። ስኳር ይሟሟል፣ ግን መጀመሪያ ሻዩ መኖር አለበት። ሜሪዲያናይት 2 ዲግሪን ሲያልፍ ሁለቱንም አይመስልም። ከ11ዱ ውሃ 7ቱን ይዞ ኤፕሶማይት ወደሚባል ሌላ ማዕድን ይቀየራል (ፋርማሲ የሚሸጠው ኤፕሰም ጨው መሆኑ ነው)፣ የቀረውን ውሃ ይለቃል፣ በዚያ ውሃ ውስጥም ከኤፕሶማይቱ የተወሰነው ይሟሟል። የባልደረባዎ ቃል የሚገባው እዚህች ላይ ብቻ ነው። ለዋናው ለውጥ ግን «ይፈርሳል» ይሻላል።

ይህን ግስ የምወደው ማዕድኑ ለምን እንደማይገኝም ስለሚያስረዳ ነው። ጨው ራሱ በቤተ ሙከራ ከ1837 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል፤ ለረጅም ጊዜም 12 ውሃ አለው ይባል ነበር። በተፈጥሮ የተገኘው ግን ካናዳ ውስጥ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አሽክሮፍት አካባቢ፣ በክረምት በረዶ በሠራ ኩሬ ላይ ነው። በማዕድንነት የተመዘገበው በ2007 ነው። ስሙ የመጣው ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ተሽከርካሪ በ2004 ካረፈችበት የማርስ ሜዳ፣ ከሜሪዲያኒ ነው። እዚያ ድንጋዮቹ ላይ የክሪስታል ቅርጽ ያላቸው ባዶ ቀዳዳዎች ታይተዋል፤ ሜሪዲያናይት የነበረባቸው ሊሆኑ ይችላሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

«ብርቅ»ንም እንዲሁ አይተዉት። ብርቅ ሲባል አንባቢ ወርቅና አልማዝ ያስባል፣ ይሄ ደግሞ ብርድ ካለቀ የሚጠፋ ጨው ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ሜሪዲያናይት ምድር ላይ በጣም በቀዘቀዘ ቦታ ብቻ የሚገኝ ውሃ አዘል ሰልፌት ነው፤ ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወደ ኤፕሶማይትና ውሃ ይፈርሳል።»