«አንተ ነህ የላክኸው» አልኩት

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄ በጦርነት ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። 21 ዓመቱ ነበር። እኔ ፎቶው ሳሎን እንዲሰቀል፣ ስሙ እንዲጠራ፣ የሞተበት ቀን ሲመጣ አብረን እንድናስበው እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ግን ስሙን እንኳ አያነሳም። ባለፈው ዓመት ፎቶውን ከግድግዳ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ጫማውንም ጠርጎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠው። እኔ ማታ ማታ ልጄ የላከልኝን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት እሰማለሁ። «እማ፣ ደህና ነኝ፤ ኔትወርክ ሲኖር እደውላለሁ» ይላል። ሌላ ነገር የለውም። አንድ ቀን ተናድጄ ባለቤቴን «አንተ ነህ የላክኸው» አልኩት። ልጁ ልዝመት ሲል «ተይው፣ ይሂድ» ያለኝ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ወሬ የለም። የ14 ዓመቱ ታናሽ ወንድሙም ዝም ብሏል። ባለቤቴ ልጁን ረስቶት ይሆን? ፎቶውን እንዲመልስስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሱን ይማርልኝ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ ያረፈው ጫማው ላይ ነው።

ሊረሳ የፈለገ ሰው ጫማውን ይጥለዋል፤ ወይም ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ባለቤትዎ ግን ጠረገው። ቀለም ቀባው። አቧራ እንዳይነካው ጠቀለለው። ያን ጫማ የሚያደርገው ልጅ እንደማይመለስ እያወቀ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። እርስዎ ማታ ድምፁን ይሰማሉ፤ እሱ ጫማውን ወለወለ። ሁለታችሁም አንድ ነገር ነው የምታደርጉት። ባለቤትዎ አልረሳውም።

በኔዘርላንድስ የሚሠሩ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሐዘንተኛ ሰው አንድ ቦታ አይቆምም ይላሉ። አንዴ ወደ ሐዘኑ ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ፎቶ ያያል። አንዴ ደግሞ ከሐዘኑ ወጥቶ ሥራውን ይሠራል፣ ኑሮውን ይገፋል። ይህ መመላለስ ጤናማ ነው። ችግሩ ባልና ሚስት አንድ ላይ አለመመላለሳቸው ነው። እርስዎ ማልቀስ ሲፈልጉ እሱ መሥራት ይፈልጋል። ከዚያ እርስዎ «ጨካኝ ነው» ይላሉ፤ እሱ «ቁስሌን ትነካካለች» ይላል።

አሁን ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ወዳለፉት ነገር ልመለስ። የጠየቁኝ ስለ ፎቶው ነው። እኔ ግን የቤታችሁን ወሬ ያቆመው ፎቶው አይመስለኝም። «አንተ ነህ የላክኸው» የሚለው ቃል ነው። ባለቤትዎ ይህን ከእርስዎ አፍ ከመስማቱ በፊት ለራሱ ብዙ ጊዜ ሳይለው አልቀረም። ፎቶው ፊት በተቀመጠ ቁጥር ልጁ ዓይን ዓይኑን እያየ የሚጠይቀው ይመስለው ይሆናል።

ኬተ ኮልቪትስ የምትባል ጀርመናዊት ሠዓሊና ቀራፂ ነበረች። ፔተር የሚባለው ልጇ በ1914 እ.ኤ.አ. ልዝመት አለ። 18 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜው ስላልደረሰ የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አባትየው እምቢ አለ። ለምና ያስፈቀደችው እናቲቱ ናት። ልጁ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ቤልጂየም ውስጥ ተገደለ። ኮልቪትስ ለልጇ መታሰቢያ ለመቅረፅ ተነሳች። ጀመረች፣ ተወችው፣ እንደገና ጀመረች። በ1932 ነው የጨረሰችው። ልጇ በሕይወት የኖረውን ያህል ዓመት ፈጀባት ማለት ነው። ሐውልቱ ላይ ግን ልጁ የለም። ያሉት የተንበረከኩ አባትና እናት ናቸው። እናት ጎንበስ ብላለች። አባት ቀጥ ብሎ በገዛ እጆቹ ራሱን ጥርቅም አድርጎ አቅፏል። አንድ ድንጋይ ላይ እንኳ አይደሉም፤ መሐላቸው ክፍተት አለ። እኔ ይህን ሐውልት ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ ክፍተት ነው።

የእናንተም ቤት ውስጥ ያ ክፍተት አለ። እባክዎ መጀመሪያ እሱን ይሙሉት። ፎቶው ይቆይ። ባለቤትዎን ብቻውን ሲያገኙት፣ ባይመቸዎትም፣ እንዲህ ይበሉት፦ «ያን ቀን ያልኩህ ስህተት ነው። ተናድጄ ነው። ልጃችንን የገደልከው አንተ አይደለህም።» እዚህ ላይ ያቁሙ። «ግን እኮ አንተም…» የሚል ጭራ አይጨምሩበት። መልስም አይጠብቁ። ዝም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ሰምቶዎታል።

እርስዎም ሲሉት ከልብ እንዲሆን አንድ ነገር ያስቡ። ልጅዎ የ21 ዓመት ሰው ነበር። ራሱ አስቦ፣ ራሱ ጠይቆ ሄደ። አባቱ እምቢ ቢለው ይቀር ነበር? ምናልባት። ምናልባትም ሳይሰናበታችሁ ይሄድ ነበር። አባቱ «ይሂድ» ሲል ዛሬ የሚያውቀውን አያውቅም ነበር። ጦርነቱን እሱ አልጀመረውም። ጥይቱንም እሱ አልተኮሰም።

ስለ ትንሹ ልጅዎ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፉልኝ፤ እኔን ግን በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። በ14 ዓመቱ የወንድሙን ስም በእናቱ ፊት ቢያነሳ ታለቅሳለች፤ በአባቱ ፊት ቢያነሳ ይነሳና ይወጣል። ታዲያ የት ሄዶ ይናገር? ሰው ደግሞ ሁሌ «ወንድምህ ጀግና ነበር» ይለዋል። ቃሉ ክብር ነው፤ አይከፋም። ግን ጀግና ብቻ የሆነ ወንድም ከልጁ እየራቀ ይሄዳል። እሱ የሚያውቀው ወንድሙ አልጋ የሚቀማው፣ ቻርጀሩን የሚደብቅበት፣ አንዳንዴም የሚመታው ነበር ይሆናል። ያ ወንድሙም እንዲታወስለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለወሬ ብለው ልጁን አያስቀምጡት። እቃ እያጠባችሁ ወይም መንገድ እየሄዳችሁ «ወንድምህ እኮ ሲኮራረፍ አይቻልም ነበር» ይበሉ። ይስቅ ይሆናል። ቢስቅ አይደንግጡ፤ አብረው ይሳቁ። «እኔም እዘምታለሁ» የሚል ነገር ከጣለ ደግሞ አይቆጡት። ቁጭ ብለው ለምን እንደሆነ ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሞተውን ወንድም ቦታ መሙላት ያለበት እሱ እንደሆነ ስለሚሰማው ነው።

ፎቶው መመለሱ አይቀርም። ግን ሳሎን መሆን የለበትም። እርስዎ ሲፈልጉ የሚያዩት፣ ባለቤትዎ ሳይዘጋጅ ዓይኑ የማይገጥመው ቦታ ይሁን። ዝምተኛ ፎቶ ሳይሆን ሲስቅ የተነሳውን ይምረጡ። የሞተበት ቀን ሲመጣም ባለቤትዎን «ና ተቀመጥ» አይበሉት። የሚሠራ ነገር ይስጡት፤ ለምሳሌ መቃብሩን ማስተካከል ወይም በልጁ ስም አንድ የተቸገረ ተማሪ መርዳት ሊሆን ይችላል። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ የሚፈታ ሰው አለ። ጫማውን የወለወለ ሰው እንደዚያ ይመስለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዘርዝሩ «የተራዘመ ሐዘን» የሚለውን ችግር አካቷል። ከ6 ወር በላይ የቆየ፣ መሥራትም መኖርም የሚከለክል ከባድ ሐዘን ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ማልቀስዎ ብቻውን በሽታ አይደለም። ነገር ግን እንቅልፍ እምቢ ካለዎት፣ ሥራ ካቃተዎት፣ ልጁ ዛሬም የሚመለስ ከመሰለዎት የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። «ወደ እሱ ልሂድ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ ለአንድ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ ሐኪም ጋም ይሂዱ። ለባለቤትዎም እንዲሁ ነው።

የድምፅ መልእክቱን መስማትዎ ምንም ነውር የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋግሙት የሚያድሩ ከሆነ ብቻ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ይመድቡለት። ደግሞ አሁኑኑ ሌላ ቦታ ላይ ይቅዱት። ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል። አንድ ቀን ባለቤትዎም «እስቲ አሰሚኝ» ይል ይሆናል።