የምርቃት ስጦታ፦ ቀለበት፣ ላፕቶፕ ወይስ የመሳፈሪያ?

ጠያቂያችን በዘንድሮው ሰኔ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነው። ታናሽ ወንድሟም የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፏል። መንዝ መሐል ሜዳ ያለው ቤተሰብ ለሁለቱም በመስከረም ሊደግስ ነው፤ አጎቶቿ «ቀለበት ይሻልሻል ላፕቶፕ?» ይሏታል። ለወንድሟስ ምን ይገዛ? ስትል ጽፋልናለች።

እህታችን፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ቀለበቱ ይቆይ። ወርቅ ሲቸግር ይሸጣል የሚሉሽ ልክ ናቸው፤ ግን ወርቅ ቤቱ መልሶ የሚገዛሽ በግራም ስለሆነ አጎቶችሽ የከፈሉት የእጅ ዋጋ ቀልጦ ይቀራል። አሁን የሚያስፈልግሽ ከዛሬ እስከ መጀመሪያው ደመወዝሽ ያለውን ጊዜ የሚያሻግርሽ ነገር ነው።

የሥራ ልምድ «0 ዓመት» የሚሉ የአካውንቲንግ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ ኤክሴልና ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር ይጠይቃሉ። ስለዚህ ላፕቶፕ ይጠቅምሻል፤ ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም። 8 ጂቢ ራም፣ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ፣ ኮር አይ 5 ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ይሁን። ከ8ኛው በታች ያሉት ዊንዶውስ 11ን በደንቡ አይቀበሉም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ፤ ሊቀየር ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዩ፦ 8250 ከሆነ 8ኛ ነው፤ 6200 ወይም 7200 ከሆነ ተዉት። ባትሪው እስኪሞላ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ነቅላችሁ፣ 30 ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቱ። በዚያ ጊዜ ግማሹ ካለቀ፣ መብራት ሲጠፋ አንድ ሰዓት እንኳ መሥራቱ ያጠራጥራል። ማጠፊያውን ከፍታችሁ ዝጉ፣ የቻርጀር ቀዳዳው ይወዛወዝ እንደሆነ ነካኩት፣ እያንዳንዱን የኪቦርድ ፊደል ጻፉበት። ዋስትናውንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

የተሰበሰበው ብር ይህን ዓይነት ማሽን የማይገዛ ከሆነ ግን ርካሹን አትግዙ። በዚያ ብር የፒችትሪ ሥልጠና ተመዝገቢ፤ ሲመዘግቡሽም በአንድ ኮምፒውተር ስንት ሰው እንደሚቀመጥ ጠይቂ። ሁለት ሦስት ሆነው የሚማሩበት ቦታ ሰርተፊኬት ይሰጥሻል እንጂ እጅሽን አያፍታታም።

የቀረው የመሳፈሪያ ይሁን። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ለጽሑፍ ፈተና አንዴ፣ ለቃለ መጠይቅ ደግሞ ሌላ ቀን ሊጠራሽ ይችላል። የሁለት ምልልስ፣ የምሳና የኮፒ ወጪ ደምሪና በስንት ቦታ ለመወዳደር እንዳሰብሽ አባዢው። ብዙ ተመራቂ ለፈተና ተጠርቶ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ያሳዝናል። ብሩ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከድግሱ ብር ጋር ከተቀላቀለ ከበጉና ከቅቤው አይተርፍም።

አቅም ያለው ዘመድ «ትልቅ ነገር ላድርግላት» ካለ፣ የወጪ መጋራት ዕዳሽን ይክፈልልሽ። ዋናው ዲግሪ የሚሰጥሽ ዕዳው ሲዘጋ ነው። ሆኖም ለመጀመሪያ ቅጥር ቴምፖራሪው (ጊዜያዊው ዲግሪ) ብዙ ጊዜ ይበቃልና ይህን ከመሳፈሪያው አታስቀድሚው።

«ይህን ስጡኝ» ማለት ለአንቺ ነውር ሆኖ ሊከብድሽ ይችላል። አክስትሽን በጎን ንገሪያትና እሷ ሰብሳቢ ትሁን። ሰብሳቢ ከሌለ ሦስት የእጅ ሰዓትና አራት ሸሚዝ ይመጣልሻል። የግድ ልብስ ልስጥ ለሚል ለቃለ መጠይቅ የሚሆን ጥቁር ቆዳ ጫማ ትንገረው፤ የጫማ ቁጥርሽን ጨምራ።

ወደ ወንድምሽ እንምጣ። ምደባው ሳይታወቅ ምንም አይገዛለት። ለመሐል ሜዳ ብርድ የሚሆን ወፍራም ባና ሰመራ ወይም ጋምቤላ ቢመደብ ሸክም ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው አጎበርና ስስ አንሶላ ነው። ደብረ ታቦር ወይም እንጅባራ ከደረሰው ግን ባናው ይሂድለት። የትም ቢመደብ ሁለት አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ለሎከሩ ጠንካራ ቁልፍ፣ የ3 በ4 ጉርድ ፎቶ፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕትና የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ከነኮፒው ይያዝለት። ከመነሳቱ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የጥሪ ማስታወቂያ ደግማችሁ አንብቡ፤ ሌላም ሊጠይቅ ይችላል።

ላፕቶፕ ለእሱ በዚህ ዓመት አይቸኩልም። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ናቸው፤ ዲፓርትመንት ሲይዝ አርክቴክቸር ወይም ሶፍትዌር ከደረሰው ለአንቺ ከሚበቃሽ የበለጠ ጉልበት ያለው ማሽን ያስፈልገዋል። እስከዚያ ብሩ በስሙ ይቀመጥ። የኪስ ገንዘቡንም በአንድ ጊዜ አታስይዙት፤ ለሰብሳቢዋ አክስት ተሰጥቶ በየወሩ መጀመሪያ ትላክለት።