ሐዘን ላይ ነኝ፤ ልደትን ላክብር ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። እናቴ ጥቅምት ላይ አረፈች። አርባዋን አውጥተናል። አሁን ገና ደረሰ። እኅቴ "የእማዬ አፈር ሳይደርቅ ቄጠማ የሚጎዘጎዝበት ቤት የለም፤ ጎረቤት ምን ይላል?" ትለኛለች። ልጆቼ ደግሞ ስምንትና አምስት ዓመታቸው ነው። "ዘንድሮ ገና የለም?" ይሉኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም የበዓል ስሜት የለኝም። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ከእሷ ጋር ስለነበር መሄዱ ራሱ ከበደኝ። ባላከብር ኀጢአት ይሆንብኛል? ባከብርስ እናቴን ማቃለል ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ ይማር።

ስለ ጾሙና ስለ ቅዳሴው አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። እኔን የያዘኝ "የበዓል ስሜት የለኝም" ያልሽው ነው። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ይህን ቃል እሰማለሁ። ሐዘንተኛው ይለዋል። ሥራ ያጣው ይለዋል። አገር ቤት መግባት ያልቻለውም ይለዋል። ሁሉም ልደትን ደስ ላለው ሰው ብቻ የተጠራ ድግስ አድርገው ያዩታል። ደስታ ከሌላቸው ያልተጠሩ ይመስላቸዋል።

እስቲ ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ክፈቺ። ሰብአ ሰገል ሦስት ነገር ይዘው ገቡ። ወርቁና ዕጣኑ ይገባናል። ከርቤውስ? ኒቆዲሞስ ጌታ ሲገነዝ ይዞ የመጣው ከርቤና እሬት ነበር (ዮሐ 19፥39)። አባቶችም የሰብአ ሰገልን ከርቤ የሞቱ ምሳሌ ነው ብለው ተርጉመውታል። አስቢው፤ አራስ ጥየቃ የመግነዝ ሽቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር የእኛ እናቶች ከደጅ ይመልሱት ነበር። ያ ቤት ግን ከርቤውን ተቀበለ።

ከዚያ ስደቱ መጣ፤ ያውም በሌሊት። ቤተ ልሔም ደግሞ በልቅሶ ተሞላች። "ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፥ መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና" ይላል። ይህ ልቅሶ ከልደቱ ታሪክ ጋር አንድ ምዕራፍ ውስጥ ነው የተጻፈው። "መጽናናትም አልወደደችም" የሚለውን ደግሞ ልብ በይ። ወንጌላዊው ራሔልን "ተይ፣ በዓል ነው" አላላትም።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን አልደበቀችም። ቀኖቹን ቁጠሪ። ታኅሣሥ 29 ልደት ነው። ጥር 1 ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ የተወገረበት ነው። ጥር 3 ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናት መታሰቢያ ነው። የገና ዳቦ ሳያልቅ ማለት ነው! የእስጢፋኖስን ስም የያዘው የዳጋ ገዳም ደግሞ እዚያው እናንተ ሐይቅ ላይ ነው። ጣና ቂርቆስ ከሄድሽም አባቶች እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደቷ ጊዜ ያረፈችው እዚህ ነው ይሉሻል። ሦስት ወር ከዐሥር ቀን ይላል ትውፊቱ። ሐይቃችሁ ወደ ልደቱ ታሪክ የገባው በስደቱ በር ነው። እናትሽ ያረፉበት ጥቅምትም ወርኃ ጽጌ ነው፤ ያንን ስደት እያሰብን ማኅሌት የምንቆምበት ወር።

አሁን ለእኅትሽ የምለው አለኝ። ታንብበው፤ ቅር እንዳትሰኝብኝ እንጂ። ማልቀስ ኀጢአት አይደለም። ጌታም በአልዓዛር ሞት እንባውን አፍስሷል። ልብ ያዘነውን ያህል ይዘን። ጎረቤት ያያል ብሎ ቤት ማጨለምን ግን አልቀበለውም። ያ ለሰው የሚደረግ ሐዘን ነው። እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ገብቻለሁ። አዋቂዎቹ ሐዘናቸውን ለመንደሩ ያሳያሉ፤ ልጆቹ ጥግ ይዘው የሰፈሩን ልጆች የገና ጨዋታ ድምፅ ያዳምጣሉ። አያታቸውን የሚያስታውሱት ገናን እንደወሰደችባቸው ሰው ነው። እናትሽ ይህን ይወዱ ነበር?

አንድ ነገር ላጫውትሽ። አባቴ የሞተ ዓመት የልደት ማኅሌት ላይ ቆሜ ነበር። ከአፌ ቃል አልወጣ አለ። መቋሚያዬን ተደግፌ እንባዬን ብቻ አወርዳለሁ። ልወጣ ስል አጠገቤ የነበሩ አንድ መሪጌታ ክንዴን ያዙኝና "ዝም ብለህ ቁም፤ እኛ እንልልሃለን" አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብዬ ቆምሁ። እነሱ አሉልኝ። ብዙ ዓመት ተምሬ ያልገባኝ ነገር ያን ሌሊት ገባኝ። መልአኩ "ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ታላቅ ደስታ" ነው ያለው (ሉቃ 2፥10)። ደስታው የሁሉ ከሆነ አንቺ መሸከም ሲያቅትሽ ሌላው ይሸከምልሻል። ስሜቱ እስኪመጣ ድረስ ቤትሽ ሆነሽ መጠበቅ የለብሽም።

ስለዚህ በጉም ዶሮውም ዘንድሮ ይቅር ካልሽ ይቅር። ለበዓል ብለሽ ብድር ውስጥ እንዳትገቢ። ዳቦ ግን ጋግሪ፤ እናትሽ እንዳስተማሩሽ አድርገሽ። ቄጠማውን ልጆቹ ይጎዝጉዙት። ትልቁ የገና ዱላ ካማረው ይቁረጥ። ቡና ሲፈላ እንባሽ ከመጣ ልጆቹ ፊት አልቅሺ፤ ለምን እንደምታለቅሺም ንገሪያቸው።

ሌሊት ደግሞ ሂጂ። ጥቁርሽን ለብሰሽ ብትገቢ ማንም አይከለክልሽም። ነጠላሽን ግን እንደ ሐዘን አታዘቅዝቂው፤ መስቀለኛ ልበሺው። እናትሽ ይቆሙበት የነበረውን ቦታ ታውቂዋለሽ። እዚያ ቁሚ። ቃል ካልወጣሽ አይውጣ።

የክርስትና ስማቸውን አልጻፍሽልኝም። ላኪልኝና እኔም በዚያ ሌሊት ላስባቸው።