ኦፊስ ከማስቀየርሽ በፊት ፊደሉን እዪው

እህቴ፣ «ቤቴ በአዲሱ ማይክሮሶፍት ኦፊስ የሰራሁት ፋይል መስሪያ ቤት ስከፍተው ፊደሉ ይበላሻል፣ ሰንጠረዡም ከገጽ ገጽ ይዘላል፤ የመስሪያ ቤቱን ኦፊስ ባስቀይር ይስተካከላል ወይ?» ላልሽው፣ አይስተካከልም። ብርሽን ያዢ። እኔ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከፊት ለፊቴ የመንግስት መስሪያ ቤት ስላለ፣ ይሄ ያንቺ ችግር የዕለት እንጀራዬ ነው ማለት ይቻላል።

1. የፋይሉን ስም አትነካኪው። ብዙ ሰው የዎርድ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ካለው ዶክ ኤክስ (docx) ኤክሷን አጥፍቶ ፋይሉን የቀየረ ይመስለዋል። ስሙ ተቀየረ እንጂ ሆዱ ያው ነው። ሴቭ አዝ ብለሽ «ዎርድ 97-2003» የሚለውን ምረጪ። እሱም የሚያስፈልግሽ እዚያ ያለው ኦፊስ 2003 ከሆነ ብቻ ነው። ዶክ ኤክስ የመጣው ከኦፊስ 2007 ጋር ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁሉ ይከፍቱታል።

2. ፊደሉ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። የተበላሸውን ጽሑፍ ጠጋ ብለሽ እዪው። ሳጥን ሳጥን ከሆነ ቀላል ነው፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት አሠራር)፣ ማሽኑ ግን የአማርኛ ፎንት የለውም። ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ጫኚበትና ተገላገዪ። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘባረቀበት ከሆነ ግን በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። እነዚያ ፎንቶች በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ የአማርኛውን ቅርጽ ነው የሚያሳዩት፤ ኮምፒውተሩ ግን ውስጡን የሚያውቀው እንግሊዝኛውን ነው። ስለዚህ ጽሑፉን መርጠሽ ኒያላ ብታደርጊው ጠብ የሚል ነገር የለም። ወይ ያንኑ የድሮ ፎንት ትጭኛለሽ፣ ወይ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ትለውጪዋለሽ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው፤ እስከ ዛሬ ቅጹን በድሮው የሚያስተየብ መስሪያ ቤት ግን ሞልቷል።

ያንቺም ከዚህ አያልፍም ባይ ነኝ። ለምሳሌ አንድ ደንበኛዬ የጨረታ ቅጽ በፍላሽ ይዞ መጣ። መስሪያ ቤቱ ራሱ የሰጠው ቅጽ ነው። ስከፍተው ዝብርቅርቅ። ሰውዬው በታተመው ኮፒ እያነበበልኝ ሙሉውን እንደ አዲስ በዩኒኮድ ተየብኩት፣ ሰንጠረዡንም መስመር በመስመር አስተካከልኩት። ከነሱ የተሻለ ነበር፣ ልጉራ። በማግስቱ ሰውዬው እየጮኸ ተመለሰ። የመስሪያ ቤቱ ቅጽ ተቀባይ መልስ «ይሄ የእኛ ቅጽ አይደለም፣ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቷ ልጅ አበላሽታዋለች» ነው። ሱቄን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ። ተቀባዩ ከስልኩ ቀና እንኳን አላለም። «የራሳችሁን ቅጽ እስቲ እዚህ ጎን ያለው ኮምፒውተር ላይ ክፈቱልኝ» አልኩ። ተከፈተ። ያው ዝብርቅርቅ! ፎንቱ ያለው የተቀባዩ ማሽን ላይ ብቻ ነበር። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሲስተሙ ነው»። የምን ሲስተም? ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ነው ያለው! በኋላ ኃላፊዋ መጥታ አየችና ተቀበለችው። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። አሁን ግን ፋይል እምቢ ሲላቸው «ማዶ ያለችው ልጅ ጋ ሂዱ» እያሉ ሰው የሚልኩት እነሱው ናቸው። ደንበኛዬ ደግሞ የድጋሚ ትየባውን ሂሳብ «እንተሳሰባለን» እንዳለ ቀርቷል።

የሰንጠረዡ መዝለል ከፎንቱ ጋር ይያያዛል። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ካልተጨመረ በስተቀር ተጭኖ አይመጣም፤ በቦታው ኢብሪማ የሚባለው ፎንት ይገባል። የኢብሪማ ፊደል ደግሞ ስፋቱ ከኒያላ ስለሚለይ መስመሩን ያዛንፈዋል። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብተሽ «ኢምቤድ ፎንትስ» የምትለዋ ላይ ራይት አድርጊባት፤ ፎንቱ ከፈቀደ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። የወረቀቱንም መጠን እዪ፣ አንዱ ማሽን ሌተር አንዱ ኤፎር ሆኖ ስንቱን አስለቅሷል።

3. ኤክሴል ከሆነ ኤክስሉክአፕ (XLOOKUP) የሚባለውን የመፈለጊያ ቀመር ተዪው፣ ኤክሴል 2019 እንኳን አያውቀውም። በድሮው ቀመር በቪሉክአፕ (VLOOKUP) ስሪው። ወደ ድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት፣ ኤክስኤልኤስ (xls)፣ ስትቀይሪ ደግሞ ከ65,536ኛው ረድፍ በኋላ ያለው ተቆርጦ ይቀራል፤ ማስጠንቀቂያውን ሳታነቢ እሺ እንዳትዪ።

ለማስረከብ ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ ዎርዱንም ከጎኑ አስቀምጪ። «ፒዲኤፍ አንቀበልም» ካሉሽ አትከራከሪ፣ ዎርዱን እዚያው ፊታቸው አስከፍቺና አብራችሁ እዩት። ፍላሽሽን ስትቀበዪ ቫይረሱን ሳታጸጂ ቤትሽ ማሽን ላይ እንዳትሰኪው፤ የእነሱ ኮምፒውተር ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ ነው የሚመልስልሽ።