«ባሌ ሻይ ፉት ሲል የሚያሰማው ድምፅ ሊያሳብደኝ ነው»

ጥያቄ፦ የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ከተጋባን 6 ዓመታችን ነው፤ የ1 ዓመት ከ8 ወር ወንድ ልጅ አለን። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ይሠራል፤ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። መጥፎ ሰው አይደለም፤ አይጠጣም፣ ደመወዙን አይደብቅም። ጥቃቅን ነገሮቹ ግን ትዕግሥቴን ጨረሱት። ሻይ ፉት ባለ ቁጥር ድምፅ ያሰማል፤ የቁም ሳጥኑን በር ከፍቶ ይተዋል፤ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ይጥላል፤ የስልኩን ቪዲዮ ድምፁን ለቆ ያያል፤ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ እያወቀ ጀሪካኑን አሟጥጦ ባዶውን ያስቀምጣል፤ ያንኮራፋል። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ በደብተር ስመዘግብ 17 ደረሰ። ለእንቁጣጣሽ እህቱ ስለምትመጣ፣ እሷ ባለችበት ቡናው ላይ ላነብለት አስቤያለሁ፤ በአዲሱ ዓመት ግማሹን እንኳ ቢተው ብዬ። ሥራ ላይ ሆኜ አብረን ስንመላለስ እንዲህ አልነበርኩም። አሁን ማታ በሩን ሲከፍት ድምፁ ራሱ ያስቆጣኛል። ባነብለት ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን አደረሰሽ። ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ አታንብቢለት። እህቱ ባለችበትማ ፈጽሞ። ሰው በዘመዱ ፊት 17 ጥፋት ሲቆጠርበት ከ17ቱ አንዱንም አይሰማም፤ ጆሮውን የሚሞላው ሐፍረቱ ነው። እህቱም ወይ ለወንድሟ ትወግናለች፣ ወይ አንገቷን ደፍታ ቡናዋን ትጨርሳለች።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ባለቤትሽ በደብዳቤው ውስጥ ሻይ ይጠጣል፣ በር ይከፍታል፣ ያንኮራፋል፣ ስልኩ ይጮኻል። አንድም ቃል ግን አይናገርም። አንቺም አትናገሪውም። «እንዲህ አለኝ»፣ «እንዲህ አልኩት» የሚል ፈልጌ አጣሁ። ስለ ፎጣው አንድ ቀን በቀስታ ነግረሽው እምቢ እንዳለሽ እንኳ አልጻፍሽም። ደብተሩ ተሞልቷል፤ እሱ ግን እንደተከሰሰ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ ያቆመችኝ በችኮላ ያለፍሻት አረፍተ ነገር ናት፤ «አብረን ስንመላለስ እንዲህ አልነበርኩም» ያልሻት። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ጠመዝማዛው ግን ሚኒባሱን 40 ደቂቃ ያህል ያስኬደዋል። ደርሶ መልስ 80 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 400 ደቂቃ፣ ማለትም ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ። የወረፋው ጊዜ አልተቆጠረም። ጠዋት ጉም ውስጥ እየወረዳችሁ ስለ ምን ታወሩ ነበር? ስለ አለቃችሁ፣ ስለ ዕቁቡ፣ ስለ ምሳ፣ ስለ ምንም። ያን ሰዓት የትዳር ጊዜ ብሎ የቆጠረው የለም፤ መንገድ ነበር። ልጁ ሲወለድ አንቺ ከሥራ ቀረሽ፤ ደመወዝሽ እንደሚቀር አስባችሁበት ይሆናል፤ ስድስት ሰዓት ተኩሉ ግን ማንም ሳያነሳው አብሮ ቀረ። እንደምገምተው ከሆነ ትዳራችሁ ወሬውን የሚያወራው እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሌላ የመነጋገሪያ ቦታ አልፈጠራችሁም።

ጥቃቅኗ ነገር የምትጎላው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሻዩን ሲጠጣ ድምፅ ማሰማት የጀመረው በዚህ ነሐሴ አይመስለኝም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠጣው ኖሯል። የተለወጠው ድምፁን ተከትሎ በአእምሮሽ የሚመጣው አረፍተ ነገር ነው። ድሮ «አመሉ ነው» ነበር፤ አሁን «ለእኔ ግድ የለውም» ሆኗል። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ እያንዳንዱ የሌላውን ሐሳብ ከአንደበቱ ያገኘዋል። ወሬው ሲቋረጥ አእምሮ ክፍተቱን ዝም ብሎ አይተወውም፤ ከፎጣውና ከጀሪካኑ ትርጉም ይለቅማል። ድካም ላይ ያለ ሰው ደግሞ መጥፎውን ትርጉም ይመርጣል። አንቺ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ከማይሞላ ልጅ ጋር ዋልሽ፤ ማታ የሚገባው ሰው ብቸኛው አዋቂ ነው፤ እሱም ወደ ስልኩ አቀረቀረ። ቢያበሽቅሽ አይገርምም።

እሱ ግን ለምን ያቀረቅራል? እሱን ስላላነጋገርኩት አውቃለሁ አልልም። ይሁንና በሩን ሲከፍት ድምፁ የሚያስቆጣሽ ከሆነ፣ ቁጣው ፊትሽ ላይ መነበቡ አይቀርም። ያንን ፊት ወራት ያየ ሰው ስልኩን መደበቂያ ሊያደርገው ይችላል። አንቺ ስልኩን አይተሽ ትኮሳተሪያለሽ፣ እሱ ኩስተራሽን አይቶ ወደ ስልኩ ይሸሻል። ማን እንደጀመረው መፈለግ ብዙም አይረዳሽም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። በባልና ሚስት ግጭት ላይ ለዓመታት ጥናት ያደረገው አሜሪካዊው ጆን ጎትማን፣ ጥንዶች ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ ያህሉ መቼም የማይፈቱ፣ ከባሕርይ ልዩነት የሚመነጩ መሆናቸውን ደርሶበታል። ደስተኞቹም ጥንዶች አሏቸው፤ ልዩነቱ እነሱ ስለ ጉዳዩ ሳይቋሰሉ ማውራት መቻላቸው ነው። ስለዚህ ከ17ቱ አንዱን ብቻ ምረጪ፤ ሌላ ሰው ላይ ሥራ የሚጨምረውን። እኔ ጀሪካኑን እመርጥ ነበር። «አንተ ሁልጊዜ» ብለሽ አትጀምሪ፤ «ትናንት ጀሪካኑ ባዶ ስለነበር የልጁን ልብስ ሳላጥብ ፈረቃው አለፈኝ፤ ስትጨርሰው ብትነግረኝ» በይው። የሆነውን፣ ያስከተለውንና የምትፈልጊውን፤ ከዚያ ዝም በይ። ሁለተኛ ነገር ከጨመርሽበት የመጀመሪያውም ይጠፋል።

ማንኮራፋቱን ከጥፋት መዝገብሽ አውጪው። ሌሊት ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንድ ቆሞ፣ ከዚያ ታፍኖ እንደነቃ ሰው በኃይል የሚመለስ ከሆነ፣ ቀንም እንቅልፍ የሚጥለው ከሆነ፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሻዩን ድምፅ በተመለከተ ደግሞ ራስሽን ጠይቂ፤ ወንድምሽ ወይም እንግዳ እንዲያ ሲጠጣም ልብሽ እየመታ ከክፍሉ ለመውጣት ትፈልጊያለሽ? አዎ ከሆነ ሚሶፎኒያ የሚባል ለተወሰኑ ድምፆች የሚፈጠር ጠንካራ ምላሽ ሊሆን ስለሚችል ከባለሙያ ጋር ተነጋገሪበት። የሚያስቆጣሽ የእሱ ብቻ ከሆነ ግን ጉዳዩ የጆሮ ላይሆን ይችላል።

ስለ ወሬው አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለእናንተ ይሠራ እንደሆነ ግን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። «ቁጭ በልና እናውራ» አትበይው። በእኛ አገር ይህ ቃል ችግር መጣ ማለት ስለሆነ ገና ሳትጀምሪ ይደነግጣል። ሚኒባሱ ውስጥ ያስወራችሁ ጎን ለጎን መቀመጣችሁ፣ ሁለታችሁም ወደ ፊት ማየታችሁ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ልጁን አዝለሽ ሚኒባሱ ከሚያወርደው ቦታ ጠብቂውና አብራችሁ እየሄዳችሁ ግቡ፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። ከወትሮው ሲያመሽ ወይም ሲበርድ ይቅር። በመንገድ ላይ ገንዘብና የቤት ጉዳይ አታንሱ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝምታ ይበዛባቸው ይሆናል፤ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ሊጠረጥርም ይችላል፤ «ናፈቀኝ» ማለት ይበቃል፤ እውነት ከሆነ። እህቱ ለበዓሉ ስትመጣም ደብተሩን ከምታሰሚያት ልጁን ለግማሽ ቀን እንድትይዝላችሁ ለምኛት፤ ሁለታችሁ ያለ ምንም ጉዳይ ሐረጎን ወርዳችሁ ተመለሱ።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ስለ ሥራሽ ስትጽፊ ከዚያች አንዲት አረፍተ ነገር አላለፍሽም። መቅረቱን ወደሽው ነው ወይስ ሌላ አማራጭ አጥተሽ? እንቅልፍሽ ከተዛባ፣ የሚያስደስትሽ ነገር ከጠፋ፣ ማልቀስ ማልቀስ የሚልሽ ከሆነ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ደብዳቤ አይበቃሽም፤ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄደሽ ፊት ለፊት ተነጋገሪ። ለሥራ ስለ መመለስም ከባለቤትሽ ጋር ማውራት ያለባችሁ ይመስለኛል፤ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ወሬ ግን አይደለም።

አብሽሪ፣ ደብተሩን አትቅደጂው። ዝጊና አስቀምጪው። በኅዳር መጨረሻ አውጥተሽ ከ17ቱ የትኞቹ አሁንም እንደሚያስቆጡሽ ምልክት አድርጊባቸው፤ ቁጣሽ ካልቀነሰ የቀሩትን ይዛችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ጋብቻ አማካሪ ሂዱ።